ስለ አሮጌ የናፍጣ መኪና፤ ሕመሙ ከፖምፓው በፊት የት ይፈለጋል?

በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ መኪና ያለው ሰው፤ መኪናው ጠዋት አልነሣ ሲለው ወይም አቀበት ላይ ጕልበት ሲያንሰው፤ ከመካኒኩ አፍ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል ብዙ ጊዜ «ፖምፓው አልቋል» የሚል ነው። ይህ እጅግ ውድ ቃል ነው። የናፍጣ መርጫው ፖምፓ ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ በላቀ ጥንቃቄ የተሠራ፤ ዋጋውም የከበደ፤ የሚያድሰው ባለሙያና የሚፈተንበትም ባንኮ በየከተማው የማይገኝ ስለ ሆነ፤ ባለ መኪናው ይህን ፍርድ ሲሰማ ወይ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ወይ መኪናውን አቁሞ አቧራ ያለብሰዋል። ዳሩ ግን ፖምፓው በእርግጥ አልቆ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። በብዙው ጊዜ ጥፋቱ ያለው ዋጋው ከአንድ ምሳ በማይበልጥ የጎማ ቱቦ፤ በተደፈነ ፊልትሮ፤ ወይም በሰርባቶዮው ግርጌ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የመሥሪያ ቤት መኪና የሚያስተዳድሩ ሹማምንትንና ዕቃቸውን በመኪና የሚያመላልሱ ነጋዴዎችን መካኒክ ለማድረግ አይደለም። የጥገና ሒሳብ ሲቀርብላቸው ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባውን ጥያቄ እንዲያውቁ ለማድረግ ነው። ለምሳሌ እንዲሆንም መርሴዲስ ቤንዝ 240 ዲ የሚባለውን መኪና እንወስዳለን። ይህ ሞተር በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ወጥቶ፤ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው «123» ብሎ በሚጠራው አካል ላይ ተጭኖ ዓለምን የዞረ ነው። የዚህ አካል ዐይነት እስከ 1986 መጀመሪያ ድረስ በቤንዚንም በናፍጣም ተሠርቶ ቍጥሩ 2.7 ሚሊዮን ያህል ደርሷል። ከእነዚህም ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፤ ጠባያቸውም ስለሚታወቅ፤ ከእነርሱ የተማረ ሰው የሌላውንም ፋብሪካ አሮጌ ናፍጣ መኪና ለመመርመር አይቸገርም።

ስለ ናፍጣ ሞተር ታሪክ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ የፈጠራ መብቱን በ1893 ተቀብሎ፤ በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ የሚሠራ ሞተር አሳየ። ይህ ሞተር ግን ለመኪና የተመቸው ሮበርት ቦሽ በ1927 የመርጫ ፖምፓ በብዛት መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። በጣሊያን አገር የፊያት ፋብሪካ 634 የተባለውን ትልቅ የናፍጣ ካሚዮን በ1931 ሲያወጣ፤ በአገራችን መንገዶች «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ ስሙ የቀረው እርሱ ነው። ለሰው መጓጓዣ በተከታታይ የተሠራው የመጀመሪያው የናፍጣ አውቶሞቢል ደግሞ በ1936 በበርሊን ኤግዚቢሽን የታየው መርሴዲስ 260 ዲ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንመለስ። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። አየሩን ብቻ ወደ ውስጥ ስቦ፤ በ240 ዲ ላይ እንደሚሆነው ሃያ አንድ እጅ ያህል ሲጨምቀው፤ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ በዚያን ጊዜ ናፍጣው እንደ ጉም ተበትኖ ቢረጭበት ያለ ሌላ እሳት ራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ይህ ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ በቂ ጭመቃ፤ በቂ አየር፤ በልኩና በሰዓቱ የሚደርስ ንጹሕ ናፍጣ። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ሕመም ይጀምራል። መርማሪውም በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የጐደለው የትኛው ነው?» ብሎ ነው እንጂ «የሚለወጠው ምንድን ነው?» ብሎ አይደለም።

ናፍጣው የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ የምርመራው ግማሽ ነው። ከሰርባቶዮው ግርጌ በወንፊት ተጣርቶ ይወጣል፤ በመኪናው ሆድ ሥር በብረት ቱቦና በጎማ ቱቦ ተጕዞ ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ በትንሿና ውስጧ በሚታየው ፊልትሮ ያልፋል፤ ከዚያም በመርጫው ፖምፓ ጎን የተቀመጠችው ትንሿ መጋቢ ፖምፓ ስባ ወደ ትልቁ ፊልትሮ ትገፋዋለች፤ ከትልቁ ፊልትሮ ወደ መርጫው ፖምፓ ይገባል፤ መርጫው ፖምፓም እያንዳንዷን ጠብታ ለክቶ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወደ ኢንየቶሬዎቹ፤ ማለት ወደ መርጫ አፍንጫዎቹ፤ ይልካል። የተረፈው ናፍጣ በሌላ መስመር ወደ ሰርባቶዮው ይመለሳል።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ድንበር አለ፤ ድንበሩም መጋቢዋ ፖምፓ ናት። ከእርስዋ በፊት ያለው ሁሉ በመሳብ የሚሠራ ነው፤ ከእርስዋ በኋላ ያለው በመግፋት። የሚገፋው ክፍል ቀዳዳ ቢኖረው ናፍጣ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ዐይንም ያየዋል። የሚሳበው ክፍል ቀዳዳ ሲኖረው ግን አንዲት ጠብታ እንኳ ላይወጣ ይችላል፤ በዚያ ፈንታ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ መካኒክ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መኪናውን ዞሮ አይቶ ምንም የሚያፈስ ነገር ሲያጣ መስመሩ ደኅና ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ከዚያም በቀጥታ ፖምፓውን ይከሳል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ያሉት የጎማ ቱቦዎች ግን አርባና አርባ አምስት ዓመት የሆናቸው ናቸው። በላያቸው ያለው ጨርቅ ደኅና መስሎ ሳለ ውስጣቸው ተሰንጥቆ፤ ፋሼታው የሚያስረውም ጫፍ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኖ ይገኛል።

አየር የሚገባበት መኪና ምልክቱ የታወቀ ነው። ማታ ደኅና ያደረው መኪና ጠዋት ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ ዞሮ፤ ጥቂት ተነሥቶ፤ ተንገዳግዶ ይጠፋል፤ እንደ ገና ሲሞከር ይነሣና ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ምክንያቱም ሌሊቱን በቀዳዳው የገባው አየር ናፍጣውን ወደ ሰርባቶዮው እንዲመለስ ስለሚያደርገው ነው። ለማረጋገጥ ከመጋቢዋ ፖምፓ በፊት አንድ ክንድ የሚሆን ውስጡ የሚታይ ቱቦ ማስገባትና ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ማየት ይበቃል። የአረፋ ሰንሰለት ተከታትሎ ካለፈ ጥፋቱ ተገኝቷል። በትንሿ ፊልትሮ አናት ላይ ቆሞ የሚታይ አንድ የአየር ኳስ ግን የተለመደ ነገር ስለ ሆነ ሰውን ሊያስደነግጠው አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠውና ከሁሉ የሚረክሰው ፈተና ግን የጀሪካን ፈተና ነው። ንጹሕ ናፍጣ የተሞላ ጀሪካን ከጭስ መውጫው ቱቦ ርቆ በጽኑ ይታሰራል፤ ወደ መጋቢዋ ፖምፓ የሚገባው ቱቦ ከመኪናው መስመር ተፈትቶ አዲስ ቱቦ ከጀሪካኑ ይቀጠልለታል፤ የመላሹም ቱቦ ጫፍ እዚያው ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ከዚህ በኋላ መኪናው ሕመሙን ካጣ፤ ጥፋቱ በሰርባቶዮውና በመስመሩ ላይ መሆኑ ያለ ክርክር ታወቀ። ሕመሙ እንዳለ ከቀጠለ ደግሞ ከመጋቢዋ ፖምፓ ወዲህ መፈለግ ይገባል። በግማሽ ሰዓት የሚፈጸም፤ ምንም ዕቃ የማይገዛበት፤ ፍለጋውንም በአንድ ጊዜ ከሁለት የሚከፍል ሥራ ነው። አንድ ጋራዥ ይህን ሳያደርግ ፖምፓ ይፈታ ብሎ ጥያቄ ቢያቀርብ፤ ሹሙ ወይም ባለ ንብረቱ ወረቀቱን መልሶ ቢሰጠው አያስወቅሰውም።

የጀሪካኑ ፈተና ሰርባቶዮውን ያመለከተ እንደሆነ ሦስት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛው የመተንፈሻው መዘጋት ነው። ናፍጣው ሲወጣ በፈንታው አየር ካልገባ ሰርባቶዮው እየታፈነ ይሄዳል፤ መኪናውም ሃያ ወይም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ደኅና ተጕዞ ይደክምና ይቆማል። በቆመበት ቦታ ክዳኑን ቢከፍቱት አየር እየጮኸ ይገባል፤ መኪናውም እንደ ዳነ ሰው ይነሣል። ሁለተኛው በግርጌ ያለው ወንፊት በዝገትና በቈሻሻ መደፈኑ ነው፤ ይህ ሰርባቶዮውን አራግፎ፤ በትልቅ ቍልፍ ፈትቶ፤ አጥቦ መመለስ ብቻ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ውሃ ነው፤ ስለ ውሃም ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ዋናው ጠላት እርሱ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ፤ እንደ ምጽዋ ባለ ቦታ፤ አየሩ እርጥበት የበዛበት ነው። ሰርባቶዮው ግማሽ ባዶ ሆኖ ያደረ እንደሆነ ባዶው ክፍል በእርጥብ አየር ይሞላል፤ ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ጠብታ ተለውጦ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ የከበደ ስለ ሆነ በግርጌ ይቀመጣል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ጥቂቱ ብዙ ይሆናል። ውሃውም ብቻውን አይቀመጥም፤ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ድንበር ላይ በዐይን የማይታዩ ሕያዋን ተዋሲያን ይራባሉ፤ ናፍጣውንም ምግባቸው ያደርጉታል፤ ሙቀት ደግሞ ይስማማቸዋል። ሥራቸው የሚታወቀው በፊልትሮው ውስጥ በሚገኝ ጥቁርና ሙልጭልጭ ዝቃጭ ነው። ፊልትሮ በተለወጠ በሳምንቱ ወይም በሁለት ሳምንቱ እንደ ገና ተደፍኖ፤ ሲቈረጥም ይህ ዝቃጭ ከታየበት፤ ፊልትሮ እየለወጡ መኖር ገንዘብ መጣል ነውና ሰርባቶዮው ወርዶ ይታጠብ። ለመከላከያው የሚሻለው መኪናውን ማታ ሞልቶ ማሳደር ነው። የመሥሪያ ቤት ሹፌር ጠዋት ሊቀዳ ማታ ባዶውን አሳድሮት ከሆነ ቈጣቢ መስሎት ነው እንጂ እየቈጠበ አይደለም።

የናፍጣውን ንጽሕና ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ንጹሕ ነጭ ጠርሙስ ነው። ከሰርባቶዮው ግርጌ ወይም ከበርሜሉ ተቀድቶ አንድ ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቀመጥ። መልካም ናፍጣ ጥርት ያለና የሚያበራ ነው። ውሃ ካለበት በግርጌው ቀጭን ድንበር ይሠራል፤ ደፈርሶ ከቀረ ውሃው ገና አልተለየም ማለት ነው። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ግን በጠርሙስ ብቻ አይለይም። ላምባው ቅባት የለሽ ስለ ሆነ በመርጫው ፖምፓ ውስጥ ያሉትን ብረቶች እርስ በርሳቸው ያፋጫቸዋል። በፖምፓው ውስጥ የሚንሸራተተው ትንሽ ፒስቶንና ማኅደሩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሁለት እስከ አራት ሺኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ጠጕር ውፍረት ከዚህ ሃያ እጅ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በርካሽ የተገዛ ናፍጣ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ለነጋዴው ትርፍ እንጂ ኪሣራ አይሆንበትም።

አሁን ደግሞ ጥፋቱ ከመጋቢዋ ፖምፓ ወዲህ ነው እንበል። በመጀመሪያ የሚታየው ትልቁ ፊልትሮ ነው። በሚኒሞ ጥሩ የሚሠራ፤ በሜዳ ላይም የማይነቀፍ፤ አቀበት ላይ ግን ቀስ በቀስ እየደከመ የሚሄድ መኪና ብዙ ጊዜ ፊልትሮው የተደፈነ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ የሚፈልገው ናፍጣ በጣም ጥቂት ስለ ሆነ በተደፈነውም በኩል ይበቃዋል፤ ሙሉ ኀይል ሲጠየቅ ግን አይደርስለትም። ፊልትሮዎቹ ሁለት መሆናቸውንም መርሳት አይገባም፤ ትልቁን ለውጦ ትንሿን መተው የተለመደ ስንፍና ነው። ከተለወጡ በኋላ የገባው አየር ይወጣ ዘንድ በፊልትሮው ራስ ያለውን ቡሎን ጥቂት ላላ አድርጎ፤ መጋቢዋን ፖምፓ በእጅ እየመቱ፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ያለችው የእጅ መምቻ በእርጅና ምክንያት ራሷ ናፍጣ የምታፈስና አየር የምታስገባ ስለምትሆን ጣት አስጠግቶ ማየት ያስፈልጋል።

ጕልበት ላጣ መኪና ማንም የማያየው አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ከእግር መርገጫው እስከ ፖምፓው ድረስ ያሉት ዘንጎችና መጋጠሚያዎቻቸው በእርጅና ሲላሉ፤ ሹፌሩ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ቢረግጥ እንኳ የፖምፓው እጀታ ሙሉ መንገዱን አይሄድም። አንድ ሰው መርገጫውን ይርገጥ፤ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ እጀታው ማቆሚያውን መንካቱን ይመልከት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ «ያለቀ ፖምፓም» በዚህ ድኗል።

ስለ ጭስ ደግሞ። ነጭ ጭስ ጠዋት በብርድ የሚታይ እንደሆነ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ዐይን ያቃጥላል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያሳያል፤ ይህም የናፍጣው መስመር ጥፋት አይደለም። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ ልዩ ትምህርት ይሰጣል። ምጽዋ ከባሕሩ እኩል ናት፤ አሥመራ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ላይ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ከባሕር ዳሩ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ፖምፓው ግን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ካልተገጠመለት በቀር ይህን አያውቅምና እንደ ቀድሞው ልክ ይረጫል። ስለዚህ በደጋ ላይ ጥቁር የሚያጨስ፤ ወደ ባሕር ሲወርድ የሚጠራ መኪና ሕመምተኛ አይደለም። መካኒኩ በደጋ ጭሱን ለማጥፋት ብሎ የፖምፓውን ልክ ከቀነሰው ደግሞ፤ ያው መኪና ቈላ ሲወርድ ጕልበቱን አጥቶ ይገኛል፤ ባለቤቱም አዲስ ሕመም የመጣበት ይመስለዋል። በደጋም በቈላም ጥቁር የሚያጨስ መኪና ሲሆን በመጀመሪያ የአየሩን ማጣሪያ፤ ቀጥሎ ኢንየቶሬዎቹን መመርመር ተገቢ ነው።

የታመመውን ኢንየቶሬ ለይቶ ለማወቅ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ወደ እያንዳንዱ ኢንየቶሬ የሚገባውን የብረት ቱቦ ዳዶ በጨርቅ ሸፍኖ፤ በተራ ግማሽ ዙር ያህል ማላላት ነው። ደኅና የሆነው ሲላላ የሞተሩ አካሄድ ይሰናከላል። ሲላላ ምንም ለውጥ ካልመጣ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ያለው ሞተር ደግሞ አንዱ ዳዶ ሲላላ ምቱ ከጠፋ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ የተጠረጠረውን ከጐረቤቱ ጋር ማለዋወጥ ነው፤ ሕመሙ ኢንየቶሬውን ተከትሎ ከሄደ የኢንየቶሬው ነው፤ እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ጭመቃውን መለካት፤ ከዚያም በኋላ ብቻ ፖምፓውን መጠርጠር ይገባል። ኢንየቶሬ በተፈታ ቍጥር ከሥሩ ያለችው ትንሽ ሮንዴላ በአዲስ መለወጥ አለባት፤ አሮጌዋን መልሶ መግጠም ጭመቃው እንዲያፈተልክ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ከኢንየቶሬ አፍ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቍስሉ እንደ መርፌ ነጥብ ትንሽ ሆኖ ስለማያሳምም ሰው ይንቀዋል፤ ውስጥ የገባው ናፍጣ ግን ሥጋውን ይገድለዋል፤ እጅም ጣትም ሊያስቈርጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሠራተኛ ሳይውል ሳያድር በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ሞተሩ አልነሣ ሲልም ኤተር በአየር መሳቢያው መርጨት በዚህ ዐይነት ሞተር ላይ ክልክል ነው፤ የጋለው ማሞቂያ ካንዴላ ያለ ጊዜው አቀጣጥሎ ፒስቶን ይሰብራል።

ኢንየቶሬዎቹ ከወጡ በመፈተኛ ፖምፓ ላይ ይታያሉ። ለ240 ዲ አዲስ ኢንየቶሬ የሚከፈተው ከ115 እስከ 125 ባር ባለ ግፊት ነው፤ ያገለገለው ከ100 በታች መውረድ የለበትም። ቱርቦ ላለው ባለ አምስት ሲሊንደር 300 ዲ ልኩ ከ135 እስከ 145 ነው። ከግፊቱ ይልቅ አፈሳሰሱን ማየት ይበልጣል፤ መልካሙ እየጮኸ ጉም ያወጣል፤ ክፉው እንደ ጡት ይንጠባጠባል። በኢንየቶሬዎቹ መካከል ያሉት ትንንሽ የመላሽ ቱቦዎች ላብ የመሰለ እርጥበት ካሳዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጡ፤ በሜትር የሚሸጡ ርካሽ ነገሮች ናቸው።

የናፍጣ ጥፋት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ሕመሞችም አሉ። ጠዋት አልነሣ ማለት ብዙ ጊዜ የማሞቂያ ካንዴላ ጕዳይ ነው። በ1970ዎቹ በተሠሩት ላይ ካንዴላዎቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይበርዳሉ፤ ከ1980 ገደማ ወዲህ ባሉት ግን እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚሠራ አንዱ ቢሞት ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይነሣል። ሌላው የቫልቮላ ልክ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ልኩ ሞተሩ ሲበርድ ለመሳቢያው 0.10፤ ለማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው፤ በየ24,000 ኪሎ ሜትሩ ያህልም መታየት አለበት። ልኩ ሲጠብብ ቫልቮላው በሚገባ አይዘጋም፤ ጭመቃው ይጠፋል፤ ናፍጣው ደርሶ ሳለ አይቃጠልም። ጭመቃው ሲለካ ከ15 ባር ያህል በታች የወረደ ሞተር ፖምፓና ኢንየቶሬ ቢለወጥለት አይድንም። ቍልፉ ሲዘጋ ሞተሩ አልጠፋ ማለቱም ከናፍጣ ጋር ግንኙነት የለውም፤ በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ ሞተሩን የሚያጠፋው በቀጭን ቱቦ የሚመጣ የአየር መሳብ ኀይል ነው፤ ያው ኀይል የበሮቹን መቈለፊያ ስለሚያንቀሳቅስ፤ በአንዱ በር ውስጥ ያለች የተቀደደች ጎማ ሞተሩን እንዳይጠፋ ታደርገዋለች። በዚያን ጊዜ ኮፈኑን ከፍቶ በፖምፓው ላይ ያለውን የማቆሚያ እጀታ በእጅ መጫን ነው።

ይህ ሁሉ ተፈትኖ ሕመሙ ካልተገኘ፤ ያን ጊዜ ተራው የፖምፓው ነው። ያም ቢሆን መጀመሪያ ሰዓቱ ይታይ፤ ይህ ፖምፓ ናፍጣ መላክ የሚጀምረው ፒስቶኑ አናት ከመድረሱ 24 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው፤ ፖምፓውን የሚያዞረው ሰንሰለት በእርጅና ሲረዝም ይህ ሰዓት ይዘገያል፤ ሞተሩም ይደክማል። ሰዓቱን ማስተካከል ፖምፓ መግዛት አይደለም። ፖምፓው በላዩ ላይ ናፍጣ የሚያለቅስ ከሆነ ደግሞ የብረት ቱቦዎቹ ከሚገቡበት ሥር ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ደርቀው ይሆናል፤ ድኝ የወጣለት የዛሬው ናፍጣ እንዲህ ያሉትን አሮጌ ጎማዎች ያኮማትራል፤ በአውሮፓ እስከ 7 በመቶ የሚቀላቀልበት የአትክልት ዘይት ውጤት ደግሞ ያለሰልሳቸዋል። ከአውሮፓ አሮጌ መኪና የሚያስመጣ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይህን ያስብበት። የፖምፓው ማኅተም ግን መፈተኛ ባንኮ በሌለው ጋራዥ በምንም ምክንያት መሰበር የለበትም፤ በሙሉ ኀይል እንኳ በአንድ ምት የሚረጨው ናፍጣ ከአንዲት የመድኀኒት ጠብታ ያነሰ ነው፤ ይህን ለአራቱም ሲሊንደር እኩል አድርጎ በጆሮ የሚያስተካክል ሰው የለም።

ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ሁለቱን ፊልትሮዎች፤ ሁለት ሜትር ናፍጣ የማይበላው ጎማ ቱቦ፤ ስድስት ፋሼታና ካቻቢቴ ይዞ ይሂድ። በመኪናው መዝገብ ላይም ናፍጣው የተቀዳበት ቦታ፤ ቀኑና የተጓዘው ኪሎ ሜትር ይጻፍ፤ ፊልትሮ የተለወጠበትም ቀን እንዲሁ። በበርሜል የሚያከማች ነጋዴ በርሜሉን ካቆመ በኋላ አንድ ቀን አሳድሮ ይቅዳ፤ የመሳቢያውም ቱቦ ከበርሜሉ ግርጌ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይታሰር። በግርጌ የቀረው ለመብራትም ለሞተርም አይሆንም፤ ዕቃ ለማጠቢያ ይቀመጥ።